አራተኛዋ ጠርሙስ

በዚያ ዓመት ወረታ ውስጥ ከእኔ የበለጠ በራሱ የሚተማመን ፍጡር ቢፈለግ፣ አስፋልቱ መሐል ተኝቶ ለጭነት መኪና የማይነሣ የፎገራ በሬ ብቻ ነበር የሚገኘው። በሬውንስ ሹፌሮቹ ዞረውት ያልፋሉ። እኔን ግን አንዲት ሴትዮ ክፉ ሳያስቡ፣ እየሳቁ፣ በአንድ ትንፋሽ አስነሡኝ። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

ስሜ ገነት ይባላል፤ የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ሁለተኛ ዲግሪዬን ይዤ ወረታ ከተመለስሁ ስድስት ዓመት ሆኖኝ ነበር፤ በየዓመቱም ለምርምር ፌሎሺፕ አመለክታለሁ። ፌሎሺፕ ምን እንደሆነ ለማታውቁ፣ አንድ ትልቅ የምርምር ተቋም "ጥያቄሽን ይዘሽ ነይ፤ መሣሪያውን እኛ እንሰጥሻለን" ብሎ ለአንድ ዓመት ወይም ለሁለት ቤቱን የሚከፍትበት ዕድል ነው። እኔ የምመኘው የኳንተም ፊዚክስና የቁሳቁስ ሳይንስ የሚገናኙበትን ነበር። አምስት ጊዜ አመልክቼ አምስት ጊዜ የመጣልኝ መልስ አንድ ዓይነት ነው፤ "ስላመለከቱ እናመሰግናለን።" ምስጋና ሲደጋገም እንደሚያስለቅስ ያወቅሁት ያኔ ነው።

በስድስተኛው ዓመት ግን ሐሳብ መጣልኝ። ሐሳቡ ከርቀት አልመጣም፤ በየቀኑ የማልፈው መንገድ ዳር ተቆልሎ ነበር። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወጣው መንገድ ያሉትን የሩዝ መፈልፈያ ቤቶች ያየ ሰው፣ ከጀርባቸው የሩዝ ቅርፊት እንደ ኮረብታ ተከምሮ ሳያይ አይቀርም። ያ ቅርፊት ቀስ ብሎ ሲያር ከሚቀረው ጥቁር አመድ ውስጥ፣ በዓይን ቀርቶ በተራ ማይክሮስኮፕ የማይታዩ ቅንጣቶች ይገኛሉ። ልዩ መብራት ሲያርፍባቸው ራሳቸው ያበራሉ። የሚያስደንቀው ደግሞ የቅንጣቷ መጠን ሲለወጥ የብርሃኗ ቀለም አብሮ መለወጡ ነው። የክራር ክር ባጠረ ቁጥር ድምፁ እንደሚቀጥን፣ ቅንጣቷም ባነሰች ቁጥር ብርሃኗ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ለተማሪዎቼ ኳንተምን የማስጀምራቸው በዚህ ነው፤ ክራር የማያውቅ ልጅ የለም።

መሣሪያ አልነበረኝም። ልዩውን መብራት ያገኘሁት ከሐጂ ኑሩ ነው። ሐጂ ኑሩ የአንዱ መፈልፈያ ቤት ባለቤት ናቸው፤ ነጋዴዎች ሐሰተኛ ብር የሚለዩባት፣ እንደ እጅ ባትሪ ያለች ሐምራዊ መብራት ነበረቻቸው። ለአንድ ቀን ብዬ ተዋስኋት። ከዚያ ወዲያ ለራሳቸው ሌላ ገዙ።

አመዱን ያዘጋጁልኝ እትየ ስንዱ ናቸው። እትየ ስንዱ በዚያው በሐጂ ኑሩ ቤት ቅርፊት የሚጠርጉና የሚያስወግዱ፣ ስድሳ ዓመት የተጠጋቸው ሴት ናቸው። ቅርፊት ማቃጠል እሳቸው ዘንድ ሙያ ነው። "ነበልባል ካየሽበት ተበላሸ ማለት ነው" አሉኝ ገና ስጠይቃቸው፤ "ማረር እንጂ መንደድ የለበትም።" ከአራት ቦታ የመጣ ሩዝ ቅርፊት ለየብቻው በቆርቆሮ ከድነው አሳረሩልኝ፤ አመዱንም በሦስት ጆንያና በአንድ የአቡጀዲ ከረጢት አድርገው ሰጡኝ።

አመዱን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፌ፣ አጣርቼ፣ አራት ጠርሙስ ሞላሁ። ክፍሌን አጨልሜ መብራቷን ሳበራባቸው፣ ሦስቱ ዓይን አጥብበው ካላዩት የማይታይ ደካማ ቢጫ ብርሃን ሰጡ። አራተኛዋ ግን! ደማቅ፣ ጥርት ያለ ሰማያዊ። ብቻዬን እልል አልሁ፤ አከራዬ "ምን ተገኘ?" ብላ በር አንኳኳች።

አራተኛዋ ጠርሙስ ከጣና ዳር ከመጣ ሩዝ የተገኘች ነበረች። "የሐይቁ ደለል ነው!" አልሁ። ማመልከቻው ሊዘጋ አምስት ቀን ቀርቶታል። አንዴ አየሁ፣ ፎቶ አነሣሁ፣ ስለ ሐይቁ ደለል ሰባት ገጽ ጻፍሁ፣ ላክሁ። ደግሜ አልሠራሁትም። "ሦስት ጊዜ ያልለካችሁትን አትጻፉ" እያልሁ ሰሌዳ የምደበድበው እኮ እኔው ነኝ!

ከሁለት ወር በኋላ መልስ መጣ። በዚህኛው ምስጋና የለበትም። "ለቃለ መጠይቅ ተመርጠዋል፤ ናሙና ቁጥር አራትን በጣም ወደነዋል" ይላል። እንግዲህ ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው እንደዚያ በሬ መንገድ መሐል የተኛሁት።

ቃለ መጠይቁ ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ በቪዲዮ ነበር። ማክሰኞ ጧት መብራት ጠፋ። አራት ሰዓት ሆነ፣ አምስት ሰዓት ሆነ፤ የመምጣት ነገር የለም። የኬሚስትሪ አስተማሪው ሙሉቀን፣ የሥራ ባልደረባዬና አምስቱን የምስጋና ደብዳቤዎቼን ሁሉ ያነበበ ጓደኛዬ ነው፤ ሳልጠራው ባጃጅ ይዞ ከተፍ አለ።

"ሐጂ ኑሩ ጄኔሬተር አላቸው፤ ከፎቁ ላይ ደግሞ ኔትወርኩ ጥሩ ነው። ጠርሙሶችሽን ያዢና ውጪ" አለኝ።

ጠርሙሶቹን እንደ እንቁላል በፎጣ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አድርጌ ሄድን። መፈልፈያ ቤቱ ሩዝ ሊያስፈለፍሉ በመጡ ገበሬዎች ተሞልቷል። ሐጂ ኑሩ ጉዳዬን ቆመው ሰሙኝ።

"ጄኔሬተሩማ ምን ችግር አለው፤ ይሄው እየሠራ ነው" አሉ። "ችግሩ መፈልፈያው ነው። እሱ ሲዞር እንኳን የውጭ ሰው፣ አጠገቤ ያለውን ሰው አልሰማም። ስንት ሰዓት ይፈጅብሻል?"

"አንድ ሰዓት፣ ሐጂ። ካስቸገርሁዎት ግን..."

"ቆይ" አሉና ወደ ገበሬዎቹ ዞሩ። "ጎበዝ! ስምንት ሰዓት ላይ መፈልፈያው ለአንድ ሰዓት ይቆማል። ቲቸር ከባሕር ማዶ ሰዎች ጋር ስለ ሩዛችሁ ልትነጋገር ነው!"

ጥቂት ጉርምርምታ ተሰማ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ጆንያቸው ላይ እንደተቀመጡ፣ "ስለ ሩዛችን ከሆነ ትነጋገር። ብቻ በርካሽ አታስማማብን በሏት!" አሉ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅሁ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ቀኑ የኔ ነበር።

የሐጂ ቢሮ ከፎቁ ላይ ያለች፣ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር የምትይዝ ክፍል ናት። ሙሉቀን ላፕቶፑን ሲያስተካክል፣ እትየ ስንዱ እርጥብ ጨርቅ ይዘው ገቡ። አዲስ የታጠበ ነጭ ነጠላ ለብሰዋል።

"ጠረጴዛውን ልወልውልሽ። እነዚያ ሰዎች አቧራ አይተው ይንቁሻል" አሉኝ።

ሰዓቱ ሰባት ከሩብ ነበር። ለመለማመድ ያህል የእንጨት መስኮቱን ዘጋሁና መብራቷን በአራተኛዋ ጠርሙስ ላይ አበራሁ። ሰማያዊው ብርሃን ቦግ አለ። ሙሉቀን እስከዚያ ቀን በፎቶ እንጂ በዓይኑ አላየውም ነበር።

"በቃ፣ አለቀ! ሻንጣሽን አዘጋጂ!" አለ።

"እስቲ ልየው፤ ያ የኔ አመድ ነው?" ብለው እትየ ስንዱ ጎንበስ አሉ። ጎንበስ ሲሉ የነጠላቸው ጫፍ ከመብራቷ ፊት ወደቀ። ነጠላውም ቦግ አለ። ሰማያዊ። ደማቅ፣ ጥርት ያለ ሰማያዊ።

እሳቸው ሳቁ። "አየሽልኝ ነጠላየን! እሷም ልትፈተን መጣች!"

እኔ አልሳቅሁም። መብራቷን ከጠርሙሱ ወደ ነጠላው፣ ከነጠላው ወደ ጠርሙሱ አመላለስሁ። አንድ ናቸው።

"እትየ ስንዱ፣ ነጠላዎን በምን አጠቡት?"

"በምን ይታጠባል? በዱቄት ሳሙና ነዋ። ለአንች ቀን ብየ ነው ዛሬ ያወጣሁት።"

"የአራተኛው አመድ ከረጢት... ያ አቡጀዲው... እሱስ?"

"እሱንማ እንዳትሳቀቂ ብየ ነው ዝም ያልሁት" አሉ፤ ፊታቸው ላይ የኩራት ፈገግታ አለ። "ሦስቱን በማዳበሪያ ጆንያ ሰጠሁሽ፤ አራተኛው ላይ ጆንያ አለቀብኝ። ከቤቴ አቡጀዲ ከረጢት አመጣሁ። ለአስተማሪ የቆሸሸ ከረጢት አይሰጥም ብየ፣ ሳሙናውን ሳልሰስት ሦስት ጊዜ አጠብሁት። ሽታው እንዲቆይልሽም ብዙ አላለቀለቅሁት።"

የዱቄት ሳሙና ውስጥ ነጩን የበለጠ ነጭ የሚያስመስል ነገር ይጨመራል፤ ያ ነገር በእንዲህ ያለ መብራት ሥር ሰማያዊ ያበራል። ይህን አውቃለሁ። ከማወቅም አልፌ ክፍል ገብቼ አስተምሬዋለሁ።

ሙሉቀን ወደ ታች ሮጠ። ከጎን ካለው ሱቅ የዱቄት ሳሙና አምጥቶ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ አንድ ቁንጥር ጨመረ። አበራንበት። አራተኛዋ ጠርሙስ መንታ እህት አገኘች።

የሐይቁ ደለል፣ ሰባቱ ገጽ፣ ፎቶው፣ "በጣም ወደነዋል" የሚለው ደብዳቤ፤ ሁሉም ሳሙና ነው።

"ልጀ፣ ምን አበላሸሁ?" አሉ እትየ ስንዱ። ሳቃቸው ጠፍቷል።

"ምንም አላበላሹም።"

"ታዲያ ፊትሽ ለምን እንዲህ ሆነ?"

ሙሉቀን ክንዴን ይዞ ወደ መስኮቱ ወሰደኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ስሚኝ፤ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ቀርቶናል። እዚህ ክፍል ውስጥ ካለነው ከሦስታችን በስተቀር ይህን የሚያውቅ የለም። ዝም በይ" አለኝ።

"እንዴት ዝም እላለሁ?"

"እንዲያው ዝም! ዕድሉን ውሰጂው። እዚያ ስትደርሺ በእነሱ መሣሪያ አዲስ ናሙና ትሠሪያለሽ፤ ያኔ ታስተካክይዋለሽ። ስድስት ዓመት እኮ ነው ገነት! በሳሙና ታጥቦ ይሂድ?"

ሙሉቀን ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። ለእኔ አስቦ ነው። እኔም ልዋሻችሁ አልችልም፤ ሐሳቡን ተቀበልሁት። "እሺ" አልሁት። ቁጭ ብዬ ስለ ሐይቁ ደለል የምናገረውን ደግሜ አነበብሁ። ለግማሽ ሰዓት ያህል ውሸታም ለመሆን ቁርጥ ውሳኔ ያደረግሁ ሰው ነበርሁ።

ስምንት ሰዓት ላይ የመፈልፈያው ድምፅ ድንገት ተቋረጠ። ዝምታው ጆሮ ይሞላ ነበር። ከታች ያሉት ገበሬዎች ሳይቀሩ በሹክሹክታ ነበር የሚነጋገሩት። ላፕቶፑ ላይ ሦስት ሰዎች ብቅ አሉ። መሐል ላይ ሰብሳቢዋ አሉ፤ ፀጉራቸው የሸበተ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ ሴት ናቸው። ግራና ቀኛቸው ሁለት ወንዶች ተቀምጠዋል። ንግግራችን በእንግሊዝኛ ነበር፤ ለእናንተ በእኛው ልንገራችሁ።

ሰላምታ ተለዋወጥን። ሰብሳቢዋ ወዲያው፣ "ከወሬው በፊት ቁጥር አራትን አሳዪን፤ ሳምንቱን ሙሉ ስንጠብቃት ነበር" አሉኝ።

ሙሉቀን መስኮቱን ዘጋ። እኔ ጠርሙሷን አነሣሁና አበራሁባት።

ሦስቱም "ኦ!" አሉ። ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው፣ ፊታቸው ማያው ላይ እስኪለጠፍ ተጠጉ። አፋቸው በትንሹ ተከፍቷል። ያችን ፊት አወቅኋት። ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን እልል ያልሁ ቀን የነበረኝ ፊት ነው። እነዚህ ትልልቅ ሰዎች ለአንድ ቁንጥር ሳሙና ልባቸውን ሰጥተው ፈዝዘው ያያሉ፤ እኔ ደግሞ ጠርሙሱን ይዤ ቆሜያለሁ። ሰውን ማታለል ከሩቅ ሳስበው ቀላል ነበር። ሲታለሉ ፊት ለፊት ማየት ግን አቃተኝ።

"ይቅርታ አድርጉልኝ" አልሁ። "ይህ ሳሙና ነው።"

"ምን አልሽ?" አሉ ሰብሳቢዋ።

"ሳሙና። የልብስ ሳሙና።"

ከጀርባዬ ሙሉቀን ወንበሩ ላይ ዘጭ ሲል ሰማሁት። ከዚያ በኋላ ግን አፌ አልቆም አለ። ስለ ከረጢቱ፣ ስለ ነጠላው፣ ስለ ብርጭቆው ውኃ ሁሉንም ተናገርሁ። አንዴ ብቻ አይቼ መጻፌን፣ ደግሜ አለመሥራቴን ተናገርሁ። ስለ ሐይቁ ደለል የጻፍሁት ሰባት ገጽ ዋጋ እንደሌለው ተናገርሁ።

ከአስፋልቱ የባጃጅ ጡሩንባ ይሰማል።

"ይህን ያወቅሽው መቼ ነው?" ሲል ከቀኝ በኩል ያለው ጠየቀ።

"ከአርባ አምስት ደቂቃ በፊት።"

"እና ልትደብቂው አላሰብሽም?"

"አስቤ ነበር" አልሁ። "እስከ አሁን ድረስ አስቤ ነበር።"

ሰብሳቢዋ ወደ ማያው ተጠጉ። "ከረጢቱን ያጠቡት ሴት እዚያ አሉ?"

እትየ ስንዱ በሩ ላይ ቆመው ነበር። እንግሊዝኛውን ባያውቁም "ከረጢቱ" የደረሰበትን ከፊቴ ላይ አንብበውታል። ጠራኋቸውና መጡ፤ ነጠላቸውን አስተካክለው ካሜራው ፊት ቆሙ። ገና ሳልናገር ጀመሩ።

"ንገሪያቸው! ጥፋቱ የኔ ነው በያቸው። ይችን ልጅ እንዳይቀጧት። እኔ ነኝ ሳሙናውን ያበዛሁት፤ እሷ ምን ታውቅ!"

ተረጎምሁ። ከግራ በኩል ያለው ሰውዬ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ሳቁን ያዘ። ሰብሳቢዋ ግን አልሳቁም። "ጥፋት እንዳልሠሩ ንገሪልኝ" አሉ። "እኛ አንድ ጊዜ በጓንት ላይ ባለ ዱቄት ተታለን ብዙ ወር ደክመናል። ማንም መጥቶ አልነገረንም። ለአንቺ ግን እሳቸው ነግረውሻል።"

ስተረጉምላቸው እትየ ስንዱ ትከሻቸው ዘና አለ። "ይመስገን። ክፉ ሰዎች አይደሉም" አሉኝ።

"አሁን ወደ ሥራችን" አሉ ሰብሳቢዋ። "አራተኛዋ ከወጣች ምን ቀረሽ?"

"ሦስት ጠርሙስ፤ ደካማ ብርሃን።"

"ደካማው ብርሃንስ እውነት ነው?"

በሕይወቴ በቃለ መጠይቅ ላይ ብዬው የማላውቀውን ቃል አልሁ። "አላውቅም።"

"እንዴት ታውቂያለሽ?"

እንግዲህ ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ነው ሕይወቴን የለወጠው። ፈተና ላይ መሆኔን ረሳሁት። ባዶ ጆንያ ዘፍዝፌ ውኃው ያበራ እንደሆነ ማየት አለብኝ አልሁ። አመዱ ከምድጃ ወጥቶ በቀጥታ ብርጭቆ ውስጥ መግባት አለበት፤ አንዱን ቅርፊት ሦስት ጊዜ ማሳረር ያስፈልጋል። አንዱ ሰውዬ "ይህስ ቢሆን?" ይለኛል፤ እኔ "እንግዲያው ያንን እናድርግ" እላለሁ። እትየ ስንዱም አላስቻላቸውም፤ ስለ ማሳረር እንደምናወራ ከእጄ እንቅስቃሴ ገብቷቸው፣ "ቲቸርየ፣ የመጀመሪያውን ያሳረርሁት ዝናብ ነክቶት ነው፤ ሁለተኛውን ግን ከጧት እስከ ማታ ቀስ እያለ ነው ያረረው። እሱንም ንገሪያቸው" አሉ። ነገርኋቸው። ሦስቱም ብዕራቸውን አንሥተው ጻፉ።

አንድ ሰዓቱ መቼ እንዳለቀ አላውቅም። ያነቃኝ የሐጂ ኑሩ ድምፅ ነው፤ ከደረጃው ሥር ሆነው "ቲቸር፣ ገበሬው ሊመሽበት ነው፤ መፈልፈያውን ላስነሣው?" አሉ። ለሰዎቹ ስተረጉምላቸው ተሳስቀን ተሰነባበትን።

ስንወርድ ገበሬዎቹ ከበቡን። "እህሳ፣ አለፍሽ?" አሉኝ ያ ቀልደኛ ሽማግሌ።

"አይመስለኝም፣ አባ።"

"ታዲያ ምን ያስቅሻል?"

እውነትም እየሳቅሁ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ደብዳቤው መጣ። አላለፍሁም። የማመልከቻዬ መሠረት አራተኛዋ ናሙና ስለነበረች መቀበል እንደማይችሉ ጽፈዋል። ልክ ናቸው። ቢሆንም አለቀስሁ፤ ሙሉቀንም "ነግሬሽ ነበር" አላለኝም፤ ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። ከደብዳቤው ግርጌ ግን ሰብሳቢዋ ራሳቸው የጨመሩት አንድ መስመር ነበረ፤ "ሦስቱን ጠርሙስ ይዘሽ በሚቀጥለው ዓመት ተመለሽ።"

ዓመቱን ሙሉ እትየ ስንዱና እኔ አሳረርን። እሳቸው ማሳረሩን፣ እኔ መጻፉን። ቅርፊቱ የማን እንደሆነ፣ ስንት ሰዓት እንዳረረ፣ ነፋስ እንደነበረ እንዳልነበረ፣ አመዱ በምን እንደተያዘ ሁሉ በደብተር ሰፈረ። ከሦስቱ ጠርሙሶች የአንዷ ብርሃን ከጆንያው ቀለም የመጣ ሆኖ ተገኘ፤ እሷንም ጣልናት። ሁለት ቀሩ። ሁለቱ ግን ደግመን ብንሠራቸው፣ አሥር ጊዜ ብንሠራቸው፣ ያችኑ ደካማ ቢጫ ብርሃናቸውን ሰጡን። በዚያች ብርሃን አመለከትሁ። ተቀበሉኝ።

ሄጄ አንድ ዓመት ሠራሁ። መሣሪያዎቻቸው ያችን ደካማ ብርሃን እንደ ፀሐይ አጉልተው አሳዩኝ። የብርሃኑ ቀለም የሚወሰነው በአፈሩ ሳይሆን ቅርፊቱ ባረረበት ፍጥነት መሆኑን አየን፤ ከሐይቁ ደለል ይልቅ የእትየ ስንዱ እጅ ነበር የሚበልጠው። ጽሑፉ ሲታተም ስማቸው ከስሜ ቀጥሎ ገባ። ወረታ ተመልሼ ሳሳያቸው፣ ማንበብ ባይችሉም ጣታቸውን አስይዤ ስማቸው ላይ አሳረፍሁላቸው። "የአባቴንስ ስም ጽፈሽዋል?" ብለው ጠየቁ። ጽፌው ነበር።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ "እውነት ተናግራ ተሸለመች" ብላችሁ እንዳትዘጉት። እውነቱን የተናገርሁ ጊዜ አልተሸለምሁም፤ ዕድሌ ነው የተወሰደብኝ፤ በሚቀጥለው ዓመት እንደምመለስም የማውቀው ነገር አልነበረም። እኔን የለወጠኝ ሌላ ነገር ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ለፌሎሺፕ ስወዳደር፣ አዋቂ መስዬ ለመታየት ነበር የምደክመው። "አላውቅም" ባልሁባት ደቂቃ ግን ከሚያውቁት ጋር አብሬ መሥራት ጀመርሁ። ለካ እነሱ ዘንድ የሚያስገባው በር እሱ ነበር። ደግሞም እፍረቱ የሚያልፍ ነገር ነው፤ ፈርቼው እንደነበረው ያህል ረጅም አይደለም። ከ"ይህ ሳሙና ነው" እስከ "አሁን ወደ ሥራችን" ድረስ ያለው ጊዜ ቢለካ አሥር ደቂቃ አይሞላም። እናንተም ደጃፍ ላይ እንዲህ ያለ አሥር ደቂቃ ቆሞ ከሆነ፣ ክፈቱለትና ይለፍ።

በያዝነው ዓመት የመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት ሲያልቅ፣ ሙሉቀን የአሥራ አንደኛ ክፍልን የኬሚስትሪ ፈተና አርሞ ውጤቱን ለጠፈ። በማግሥቱ ሁሉም ወደ ቤቱ ሲሄድ እሱ የመምህራን ክፍል ውስጥ ፊት ለፊቴ መጥቶ ተቀመጠ።

"ጥያቄ ዘጠኝን የተሳሳትሁት እኔ ነኝ" አለኝ። "ልጆቹ ልክ ነበሩ፤ እኔ ነኝ ኤክስ ያደረግሁባቸው። ማንም አላስተዋለም፤ ተማሪዎቹም እንኳ።"

"ታዲያ ምን ልታደርግ ነው?" አልሁት።

"የለጠፍሁትን ውጤት ገንጥዬ መጣሁ፤ እንደገና ላርም ነው" አለና ቦርሳውን ከፈተ። የሦስት ክፍል የፈተና ወረቀት ነበር። ግማሹን ወደ እኔ ገፋው።